ያላገባ ልጅ መንበር

«ዞር በሉ፣ ዞር በሉ! ያቃጥላችኋል!»

የወፍጮ ቤቷ አክስት የቀይ ባቄላ ገንፎ የሞላ ድስት በራሷ ተሸክማ በባንግ ሃክሱ በር ገባች። ግቢው በለቅሶ ደራሽ ጢም ብሏል። ድስቱን ሳታወርድ ዓይኗ ወደ ትልቁ ክፍል ሄደ። እዚያ፣ ዝቅ ባለ ጠረጴዛ ላይ፣ በነጭ ጨርቅ የተጠቀለለች ሳጥን ተቀምጣለች። ሌላ ምንም የለም። ለሟች ነፍስ ምግብ የሚቀርብበት መንበር የለም፣ የሩዝ ሳህን የለም፣ ማቅ ለብሶ በትር የያዘ ሰው የለም።

«የልጁ መንበር የታለ?» አለች፤ ድምፅ መቀነስ አታውቅበትም።

«ያላገባ ልጅ መንበር የለውም» አሉ አዛውንቱ ባንግ ከተቀመጡበት ሳይነሱ። «ጠዋት ማታ ምግብ የሚያቀርብለት፣ በትር ይዞ የሚያለቅስለት ልጅ አልወለደም። አባት ደግሞ ለልጁ ማቅ አይለብስም። ሥርዓት ሥርዓት ነው።»

«ድንቄም ሥርዓት!» አለችና ድስቷን ይዛ ወደ ማድ ቤት ገባች።

እንግዲህ በእኛ መንደር ሥርዓት ማለት ባንግ ሃክሱ ናቸው። ማቁ በግራ ነው በቀኝ የሚታጠፈው ብለው ሲሟገቱ የሰው ሬሳ ዝናብ የደበደበው ቀን አለ። ማንም አልተቀየማቸውም፤ በሰው ላይ የሚያጠብቁትን ለራሳቸውም አያላሉም። ይኸው የበኩር ልጃቸው ሃምሳ አለቃ ቹንሶክ ቬትናም ዘምቶ፣ ቆይታውን አንዴም ሁለቴም አራዝሞ፣ በሦስተኛው ዓመት አንድ የተራራ መተላለፊያ ላይ ወደቀ። አስከሬኑ እዚያው ተቃጥሎ አመዱ በጓደኛው በአስር አለቃ ፒዮ አንገት ተንጠልጥሎ መጣ። ሦስት ቀን ቤቱ ይሰነብትና ሴኡል ወደሚገኘው የወታደሮች መካነ መቃብር ይሄዳል። አባት አንዲት እንባ አላፈሰሱም። አንገታቸውን ቀና አድርገው ለቅሶ ደራሹን ሲቀበሉ ላያቸው ሰው ልጅ የዳሩ ነበር የሚመስሉት።

ወንዶቹ በግቢው ዛፍ ሥር የሩዝ ጠላቸውን ይዘው በሹክሹክታ ይከራከራሉ። በዚያ ዘመን ስለ ቬትናም ጮክ ብሎ የሚያወራው የመንግሥት ሬዲዮ ብቻ ነበር።

«አሜሪካኖቹ ራሳቸው ሻንጣቸውን እየሸከፉ ነው አሉ» አለች የወፍጮ ቤቷ አክስት ቀዩን የሥጋ ሾርባ እያደለች። «የጠሩን ሰዎች ሲወጡ እኛ ምን ቤት ነን?»

«አንቺ ሴትዮ፣ ዝም በይ!» አለ ከሰሜኖቹ ጋር በተደረገው ጦርነት አንድ እግሩን ያጣው ጎረቤታቸው ኩ። «ያኔ ባዕዳን ባሕር ተሻግረው ባይደርሱልን ኖሮ ዛሬ ይቺን ሾርባ የት ታቀርቢያት ነበር? ውለታ አለብን። ውለታ የማይመልስ ሰው፣ ሰው ነው?»

«ስንት ዓመት ተከፍሎ የማያልቅ ውለታ ነው ደግሞ? የቬትናም ገበሬስ ምን አበድሮን ነው እሱ ቤት ሄደን የምንከፍለው?»

«ሰፊው መንገድ፣ ፋብሪካው፣ ከዘመቻው ገንዘብ ሌላ ከየት የመጣ ይመስልሻል?»

«ልጅ ልከን አስፋልት አመጣን በለኛ!»

ኩ አፉን ሲከፍት የወረዳው ሹም በጥቁር ኮቱ ከበሩ ብቅ አለ። ሁሉም ሾርባው ላይ አቀረቀረ።

ሹሙ ሳጥኗ ፊት ሁለቴ ሰገደና ከአዛውንቱ አጠገብ ተቀመጠ። ክፉ ሰው አይደለም፤ ከላይ የተባለውን ወደ ታች የሚያወርድ ሰው ነው። የመጣበት ጉዳይ ታናሹ ልጅ ማንሶክ ነበር። ማንሶክም ወታደር ነው። የወንድሙ መርዶ እንደደረሰው «እኔ ልተካው» ብሎ ለቬትናም ተመዝግቧል።

«አባቴ፣ እንደሚያውቁት ለቤቱ አንድ የቀረ ልጅ ባሕር ማዶ አይላክም» አለ ሹሙ። «አባት በአንደበቱ ከፈቀደ ግን ማን ይከለክላል? የሽኝቱ ዕለት ጠዋት በሕዝብ ፊት ‹ሁለተኛውንም ሰጥቻለሁ› ብለው ቢናገሩ፣ አገር ይኮራል። ‹በቃን፣ እንውጣ› የሚል ሰው በዝቷል፤ አፉን ያስይዙልናል።»

«አስብበታለሁ» አሉ አዛውንቱ። ደረታቸው ግን ነፋ ሲል ለለቅሶው ፈቃድ ወስዶ የመጣው ማንሶክ ከደጃፉ ሆኖ አይቷል።

ማድ ቤት ያሉት እናትም ሰምተዋል። ሹሙ ከወጣ በኋላ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ መጡና ባላቸው ፊት ቆሙ። ትዳር ከያዙ ጀምሮ እንደዚያ ቆመው አያውቁም።

«የእርስዎ ኩራት የሚጠግበው በስንት ልጅ ነው?» አሉ።

«ልጄ ለከንቱ ሞተ እንዲባል ነው የምትፈልጊው? ዛሬ ብንተወው የቹንሶክ ደም ምን ሊሆን ነው?»

«ማንሶክ ሲሞት ቹንሶክ ይነሳል?»

ሰው የሚያደርገው ሲጠፋው ሥራ እንዳለበት ሁሉ ብድግ ይላል፤ አዛውንቱም ብድግ ብለው ወደ ሩዝ ማሳቸው ወረዱ።

ችግኙ ገና ከውሃው ብቅ ብቅ እያለ ነበር። በማሳዎቹ መሃል ባለው የአፈር ድንበር ላይ ቁጢጥ ብለው ሲያዩት ያ የድሮ ቀን መጣባቸው። ቹንሶክ ያኔ ልጅ ነው። የባዕዳኑ የጦር መኪኖች ሰሜኖቹን ሊወጉ በዚህ በኩል ሲያልፉ ችግኙን እንዳለ ጨፈለቁት። እሳቸው ባርኔጣቸውን አውልቀው «እናመሰግናለን» እያሉ ያለቅሳሉ። ልጁ እጃቸውን ጎተተ።

«አባባ፣ ሊረዱን ነው የመጡት?»

«አዎ፣ ሊረዱን ነው።»

«ታዲያ ለምን በድንበሩ አይሄዱም?»

ጆሮውን ቆንጥጠው ዝም አስባሉት።

«አባባ፣ እዚህ ነዎት?» አስር አለቃ ፒዮ ከኋላቸው መጣ። ከመጣ ጀምሮ እንቅልፍ የለውም፤ ዓይኑ ቀልቷል። እሱም ቁጢጥ አለና ችግኙን እያየ ቆየ። «እዚያም እንዲህ ነው። ልክ እንዲህ። መጀመሪያ ቀን ስንደርስ ሃምሳ አለቃ ሰብስቦን ‹ችግኝ የረገጠ እግሩን እሰብርለታለሁ› አለን። ሳቅንበት። ፈንጂው የሚቀበረው ድንበሩ ላይ ነዋ! እብድ ነው አልን።»

«በድንበሩ ነው ያስኬዳችሁ?»

«በድንበሩ። ግን ከፊት የሚቀድመው እሱ ነው። መሬቱን ስንዝር በስንዝር በእጁ ይዳስሳል፤ እኛ በዱካው እንሄዳለን። ሌሎቹ ‹ገበሬው› እያሉ ይቀልዱበት ነበር። በኋላ ግን አዲስ የመጣ ሁሉ እሱ ጋ ካልተመደብኩ እያለ ይለምን ጀመር።»

አዛውንቱ አፍንጫቸውን ተናፈጡ። «ሁልጊዜ? አንዴም ሳይረግጥ?»

«እኔ እስካለሁ ድረስ አንዴም።»

«የኔ ልጅ!» አሉ አዛውንቱ ጮክ ብለው፤ ሰው ይስማ አይስማ አልገዳቸውም። ቀጥለውም «ታዲያ ቆይታውን ለምንድነው ያራዘመው?» ሲሉ ጠየቁ። «ዘማች ሁሉ ገዝቶ ለሚያመጣው ቴሌቪዥን ነው? እኔ ቴሌቪዥን አምጣ አላልኩትም።»

ፒዮ ሳቅ አመለጠው፤ ከሳቁ ጋር እንባውም መጣ። «እኔም ጠይቄው ነበር። ‹መጀመሪያ ለአገሬ ብዬ መጣሁ። ቀጥሎ ለታናሼ ትምህርት ብዬ ቆየሁ። አሁን ግን ከናንተ ከጨቅሎቹ ሌላ ምክንያት የለኝም› አለኝ። ‹እኔ ብሄድ በቦታዬ መንገዱን የማያውቅ ልጅ ይልካሉ› ነው የሚለው። ‹እንዲህ ከሆነ መቼ ያበቃል?› አልኩት። ‹እኔ እንጃ። ብቻ የኛ ማንሶክ ይህን መንገድ እንዲማረው አልፈልግም› አለ።»

«ሲሞትስ?»

«አንድ አዲስ ልጅ ቆስሎ ከኋላ ቀርቶ ነበር። ሊያመጣው ተመለሰ። ልጁ ተርፏል፤ ሆስፒታል ነው ያለው።»

ጀንበር እስክታዘቀዝቅ ሁለቱም ከዚያ አልተነሱም።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት መንደሩ ሁሉ ወጣ። ተማሪዎች ባንዲራ ይዘው ተሰልፈዋል፣ ሹሙ ድምፅ ማጉያውን እየሞከረ ነው። ማንሶክ የደንብ ልብሱን ተኩሶ፣ ጫማውን ወልውሎ፣ አባቱ ስሙን እስኪጠሩ ይጠብቃል። እናት ከማድ ቤቱ በር አልወጡም።

አዛውንቱ ከጓዳ ሲወጡ በክንዳቸው ማቅ፣ በእጃቸው የሐዘን በትር ይዘዋል። ሕዝቡ አጉረመረመ። ቀጥ ብለው ወደ ማንሶክ ሄዱና ማቁን በደንብ ልብሱ ላይ ደረቡለት። በትሩን አስያዙት።

«ጦርነቱ ልክ ነው፣ ልክ አይደለም የሚለውን ለሚያውቁት ትቻለሁ» አሉ። ድምፅ ማጉያውን አልነኩትም፤ ድምፃቸው ግን እስከ ወፍጮ ቤቱ ይሰማል። «ልጄ ግን ልክ ነበር። በሰው አገር የሰው ችግኝ ሳይረግጥ የሄደ ወታደር ከዚህ ቤት ወጥቷል። መንበር ይገባዋል። ዛሬ እተክልለታለሁ፤ ሐዘንተኛው ወንድሙ ነው። በመንበር ፊት በትር የያዘ ሰው ደግሞ ባሕር አይሻገርም።»

ሹሙ ደነገጠ። «አባቴ፣ ያላገባ ልጅ መንበር የለውም ያሉት እርስዎ አይደሉም እንዴ?»

«እኔ ነኝ ያልኩት። አሁንም የምለው እኔው ነኝ።»

«እስከ መቼ ነው ታዲያ?»

«ሦስት ዓመት።»

«ሦስት ዓመት የሚታዘነው ለአባት ነው!»

«ለኔ ልጅም ነው። ለጀግና መንበር አይገባም የምትል ከሆነ፣ ይኸው ማጉያህ፣ ለሕዝቡ ንገር።»

ሹሙ ማጉያውን አየ፣ ሕዝቡን አየ፣ ከዚያም ማጉያውን አጠፋው። «ባንግ ካሉ ሥርዓት ነው!» ብሎ ኩ በምርኩዙ መሬቱን መታ። የወፍጮ ቤቷ አክስት «እሰይ!» አለች፤ ማድ ቤቱ በር ላይ እናት መቃኑን ይዘው ቁጭ አሉ።

«አባባ፣ ፈሪ ይሉኛል» አለ ማንሶክ ቀስ ብሎ።

«ፈሪ ያለህን ወደ እኔ ላከው። አንተ ጠዋትና ማታ ለወንድምህ ሩዝ ታቀርባለህ። ወንድምህ የፈለገው ይህንን ነው።»

ማንሶክ በትሩን ጨብጦ «አይጎ! አይጎ!» ብሎ አለቀሰ። አንዱን ልጅ በኩራት ሸኘነው፤ ፒዮ ሳጥኗን አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ በድንበሩ ላይ እየተራመደ ወደ መኪናው ወረደ።

ወደ ማታ ግቢው ጭር አለ። ትልቁ ክፍል ውስጥ አዲሱ መንበር ላይ የቹንሶክ ፎቶ ተቀምጧል። እናት ሩዝ በሳህን ሞልተው፣ አንድ የተጠበሰ ዓሣ ጨምረው አመጡ። ማንሶክ በማቁ ተጠቅልሎ ሊያቀርብ ሲነሳ አዛውንቱ «ቆይ» አሉት።

መንበሩ ፊት ተንበረከኩ። ዓሣውን ወደ ራሳቸው ሳቡና በመብሊያ እንጨታቸው እየፈለቀቁ አጥንቱን ይለቅሙ ጀመር። እናት ሊያግዙ እጃቸውን ቢዘረጉ አልሰጧቸውም። እንባቸው ጢማቸው ላይ ይወርዳል፤ አልጠረጉትም። ለቅመው ሲጨርሱ ሥጋውን እንደገና በጣታቸው ዳሰሱ፤ አንዲት ቀጭን አጥንት አገኙና አወጧት። ከዚያ ትልቁን ቁራሽ አንስተው ሩዙ ላይ አኖሩለት።