ድርቤ ጠበቃ ስትፈልግ

ድርቤ ነቀምት፣ ባኬ ጃማ ሰፈር ውስጥ ልብስ እየሰፋች የምትኖር ባሏ የሞተባት ሴት ነበረች። ለአንዲት ሙሽራ የሰፋችውን ቀሚስ አኖ ከተማ አድርሳ ስትመለስ፣ ጎረቤቷ ሾፌሩ ጨመዳ ጨው በጫነ መኪና ጋቢና ውስጥ እንዲያው በነፃ አሳፈራት። ቁልቁለቱ ላይ ፍሬኑ እምቢ አለና መኪናው ተገለበጠ። ጨመዳ ራሱ እየደማ በመስኮት ጎትቶ አወጣት። ሁለት ወር ሆስፒታል ተኝታ ስትወጣ ቀኝ እጇ መቀስ መጨበጥ ተስኖት ነበር።

የመኪናው ባለቤት አቶ ጉሉማ ሽማግሌና አንድ ሙክት ላከባት። ሽማግሌዎቹ፣ «እግዜር ያመጣው ነው፣ አዴ ድርቤ» አሏት።

«ፍሬኑን የሚያሠራው እግዜር ነው እንዴ?» ብላ በጉን ከነገመዱ መለሰችው።

ነቀምት ውስጥ ጠበቃ ሲባል ሁሉም የሚጠራው አቶ ገብረወልድን ነበር። ቢሮው ሄዳ የሆነውን ስትነግረው ጥያቄው አንድ ብቻ ሆነ።

«ስንት ከፍለሽ ተሳፈርሽ?»

«ምንም። ጎረቤቴ ነው።»

ብዕሩን አስቀመጠ። «ከፍያለሁ በይ። በነፃ የተሳፈረ ሰው ካሣ ማግኘቱ ይከብዳል።»

«ጨመዳስ ቢጠየቅ?»

«ጌታውን ፈርቶ ይዋሻል እንላለን። ሾፌርን ማን ያምነዋል?»

ድርቤ መጽሐፍ ቅዱስ ጨብጣ ስትምል፣ ከመኪናው ጎትቶ ያወጣትንም ሰው ውሸታም ስታሰኝ ታያት። «አስቤ ልምጣ» ብላ ወጣች፤ አልተመለሰችም።

ቤተ ክርስቲያን የምታውቃት አንዲት ሴት ስለ ኦቦ ቀነዓ ነገረቻት። ድሮ የፍርድ ቤት ጸሐፊ የነበረ፣ አሁን አርጆ ከተማ ተቀምጦ ጥብቅና የሚሠራ ሰው ነው። መኪና ለመሳፈር ልቧ እምቢ ስላላት በተዋሰችው በቅሎ፣ መንገድ ላይ አድራ ደረሰች። ቀነዓ በኦሮምኛ አናገራት፤ እስክትጨርስም አላቋረጣትም። ከዚያ ያንኑ የገብረወልድን ጥያቄ ጠየቀ፤ ምንም እንዳልከፈለች ነገረችው።

«እንግዲያው ይህንኑ ትናገሪያለሽ» አለ። «ግን የባለቤቱን ጥፋት ማስረዳት ግድ ይለናል። ፍሬኑ መበላሸቱን አስቀድሞ ያውቅ ነበር?»

«ጨመዳ ሲጎትተኝ፣ ‹ነግሬው ነበር፣ ነግሬው ነበር› ይል ነበር።»

«ክርክሩን ለእኔ ተዪው። ጨመዳን ማምጣት ግን ያንቺ ፈንታ ነው።»

ጨመዳ ቤት ሄዳ ለመነችው። «አዴ ድርቤ፣ እኮ እንጀራዬን ነው የምትጠይቂኝ» አላት። «አውቃለሁ» ብላ ተነሥታ ሄደች።

በቀጠሮው ቀን ግን የእሑድ ኮቱን ለብሶ መጣ። ችሎቱ በአማርኛ ስለሆነ ቃሉን አስተርጓሚ ተቀበለ። ጨመዳ በኦሮምኛ፣ ፍሬኑ እንደማይዝ ለአቶ ጉሉማ ሁለት ጊዜ መንገሩን ተናገረ።

አስተርጓሚው፣ «ፍሬኑ እንደማይዝ ዐውቅ ነበር ይላል» አለ።

ድርቤ ከደንበኞቿ ጋር ስትነጋገር አማርኛ ጠንቅቃ ለምዳለች። ብድግ አለች። «‹ኢታን ሂሜ› ነው ያለው! ነግሬዋለሁ ነው ያለው!»

ዳኛው ጠረጴዛውን መቱ፤ ሁለተኛ ብትናገር እንደሚያስወጧት አስጠነቀቁ። ድርቤ ተቀመጠች። ቀነዓ ቀስ ብሎ ተነሣ፦ «ክቡር ዳኛ፣ ጥያቄው ለምስክሩ ይደገምልን።» ተደገመ። ጨመዳ ያንኑ መለሰ፤ አስተርጓሚውም በዚህኛው ጊዜ መሬት መሬት እያየ ሳያጎድል ተናገረ።

አቶ ጉሉማ ካሣ እንዲከፍል ተፈረደበት። ይግባኝ ብሎ ዓመት ከመንፈቅ አንከራተታት፤ ፍርዱ ግን ጸና። የድርቤ እጅ አልዳነም። ሁለት ሴቶች ቀጥራ እሷ ልክ እየወሰደች እነሱ ይሰፉ ጀመር።

ጨመዳ በመሰከረ ማግስት ከሥራው ተባረረ። ድርቤ ሰምታ ይቅርታ ልትለው ቤቱ ሄደች። ጫማውን እየጠረገ አገኘችው።

«ተዪው፤ ያ መኪና አንድ ቀን ይገድለኝ ነበር» አላት። ከወር በኋላ አንድ የጉራጌ ነጋዴ ቀጠረው፤ ጨመዳ መጀመሪያ የጠየቀው ግን ፍሬኑን እንዲያሳዩት ነበር ይባላል።