ከመተኮሻ ክፍሉ ያልወጣው ወንድም

ኑ፣ ጠጋ ጠጋ በሉ። በሩ ጋ ያላችሁም ግቡ፤ ጮክ ብዬ የማወራው ነገር አይደለም።

ልብስ ሰፊዋ ከተቀበረች ወዲህ ቤቷ በሰው ተሞልቷል። ሴት ልጇ ሻይ ይዛ በወንበሮቹ መሀል ትዞራለች። ወንድ ልጇ ግን ጓሮ ካለችው የመተኮሻ ክፍል ገብቶ ቀርቷል። ሽበት ጣል ጣል ያደረገበት ጎልማሳ ነው። የተተኮሰውን ጨርቅ መልሶ ይተኩሳል።

«ምነው፣ ለገዛ እናቱ እንኳ አያለቅስም?» አለች አክስታቸው፣ በሹክሹክታ ያወራች መስሏት።

«ድሮስ መች ይገባዋል?» አለ ጎረቤታቸው ፀጉር አስተካካዩ። ወሬ ስለማያቋርጥ «ሬዲዮ» ይሉታል። ከኮቱ ስር ጠርሙስ ብቅ አደረገና፣ «እስቲ ትንሽ ላቅምሰው። ይረሳው ይሆናል፣ ምስኪን።»

እህትየው ሰማች። «መርሳቱንስ እናታችን ለሁላችንም ረስታልናለች፣ ጋሼ። መልሰው ይክደኑት።»

ሬዲዮ ባትሪው ያለቀ ይመስል ጸጥ አለ።

እውነቷን ነው። እናትየው እጇ ወርቅ ነበር፤ ሰውን ገና ከበር ስታየው ልኩን ታውቃለች። ግን ከስፌት መኪናዋ አጠገብ ሁልጊዜ አንድ ብርጭቆ አይጠፋም። ደንበኞቿ ሻይ ይመስላቸዋል። ትልቋ ልጇ ግን የአረቄውን ሽታ ታውቀው ነበር። እናቷ ወንድሟን አርግዛ፣ ሆዷ መኪናውን እየገፋ ስትሰፋ እንኳ ብርጭቆው ከቦታው አልተነሳም። «ድካሜን ያበርድልኛል» ትል ነበር።

ልጁ ቀጫጫ ሆኖ ተወለደ። ትምህርት ቤት ገብቶ ትናንት የያዘውን ዛሬ ይጥለዋል። አስተማሪው ሰነፍ አለው፤ ሰፈሩ ከዚያ የባሰ አለው። ቤት ሲመጣ ደጋግሞ ይጠይቃል፤ «እማዬ፣ ይሄ ቀሚስ የማን ነው? እማዬ፣ ማን ይወስደዋል?» እሷም ሲመራት፣ «ኧረ አንተ ልጅ፣ በጥያቄህ ታሳብደኛለህ!» ትለዋለች።

ዓመታት አለፉና ጠያቂዋ እሷ ሆነች። ደንበኛውን ለክታ ሳትጨርስ፣ «ልለካህ እንዴ?» ትላለች። የጠፋውን ቀሚስ «እህትሽ ወሰደችው» ትላለች፤ ሴትዮዋ እህት የላትም። ልትዋሽ ብላ አይደለም። የትዝታዋን የተቀደደ ቦታ ባገኘችው ጨርቅ ትጥፈዋለች። ልጇ ያን ጊዜ ዝም አለ። እስክትሞት ድረስ አንድ ነገር አልጠየቃትም።

እህትየው የሻይ ትሪውን አስቀምጣ ወደ ጓሮ ወጣች።

«ሰዉ ስላንተ እየጠየቀ ነው። ለምን አትገባም?»

ካውያውን አላቆመም። «እኔ ነኛ ያሳመምኳት።»

«ምን አልክ?»

«ታሳብደኛለህ ትለኝ አልነበር? ይኸው ሆነ። እንዲሻላት ብዬ መጠየቁን ተውኩ። ግን ዘገየሁ።»

እህትየው ግድግዳውን ተደገፈች። ያን ሁሉ ዝምታ ኩርፊያ መስሏት ስንቴ ተቆጥታዋለች! እናታቸውን ያከመችው ሐኪም የነገረቻትን በሆዷ ይዛ ከርማ ነበር። አሁን ብታወጣው ሟችን መክሰስ ነው፤ ዝም ብትል ደግሞ በቁሙ ያለውን መቅበር ነው።

«ስማኝ ወንድምዓለም። የእማዬን ጭንቅላት የጎዳው ዕድሜ ልኳን የጠጣችው ነው። ሐኪሟ ናት የነገረችኝ። ያንተም... ሆዷ ውስጥ ሳለህ የምትጠጣው ላንተም ይደርስህ ነበር። ትምህርቱ እንቢ ያለህ በሱ ሳይሆን አይቀርም ብላኛለች። ሰነፍ ሆነህ አይደለም። እሷንም አላሳመምካትም።»

ካውያውን አቁሞ ቀና አለ።

«ታውቅ ነበር?»

«አታውቅም ነበር። ማንም አልነገራትም።»

«ቢነግሯት ትተወው ነበር?»

አዎ ልትለው ፈልጋ ነበር። «እንጃ» አለች።

ካውያውን ነቀለና ወደ ሳሎን ገባ። መሀል ላይ ቆሞ፣ ገና አሁን መርዶ እንደ ሰማ ሰው፣ «እናቴ እኮ ሞተችብኝ» አለ።

አክስትየው ከወንበሯ ተነስታ ለቀቀችለት። ሲቀመጥ ማልቀስ ጀመረ። እህቱ ከኋላው መጥታ የታጠፈ ኮሌታውን አቃናችለት፤ ከዚያም እጇን እዚያው ማጅራቱ ላይ ተወችው።

እንግዲህ ልጆቼ፣ ትምህርት አልገባ ያለው፣ አንዱን ነገር ደጋግሞ የሚጠይቅ ልጅ ሲገጥማችሁ፣ ሰነፍ ከማለታችሁ በፊት ይሄን ሰው አስታውሱልኝ።