የጸሐፊዋ ሦስተኛ ግብ

"ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?" አለ የእንግሊዝኛ ሥነ ጽሑፍ ትምህርት ክፍል ኃላፊው፣ መነጽሩን ወደ ግንባሩ ገፋ አድርጎ።

የክፍሉ ጸሐፊ እንደ ተማሪ ፊቱ ቆማለች። የያዘው የማስተርስ ማመልከቻዋን ነው። እስከ አስራ አንድ ሰዓት ካልፈረመበት የዘንድሮው ምዝገባ አመለጣት ማለት ነው።

"በሁለት ዓመት ምን መማር እንደምፈልግ ሦስት ግብ ጻፊ ይላል፤ ጻፍኩ።"

"'ሦስተኛ፦ አንብቤ የገባኝን አፍ አውጥቼ መናገር።' እንዴ! ይሄም ግብ ሆኖ ነው? የክፍሉን ግቦች በየዓመቱ የምትተይቢው አንቺው አይደለሽ? ገልብጫ! ሁሉም የሚያደርገው እሱን ነው።"

እውነቱን ነው። "ተመራቂው ድርሰትን በጥልቀት ይተነትናል" የሚለውን ለአስራ ስድስት ዓመት ተይባዋለች፤ በቃሏ ትወጣዋለች። የተማሪዎቹንም መመረቂያ ጽሑፍ የምትተይበው እሷ ናት። በማታ ተምራ ዲግሪዋን ይዛለች፤ ልብ ወለዶቹንም እየተዋሰች ታነባለች። ስንቱ ሲሳሳት እያየች፣ ምን አገባኝ፣ የእኔ ሥራ ፊደል መልቀም ነው ብላ ዝም ብላለች። ዝም ማለቷ ግን ያንገበግባታል።

"ዶክተር፣ እኔን የጎደለኝ እሱ ነው።"

"አንቺ ደግሞ!" ብሎ ሳቀ። ክፉ ሰው አይደለም። "ይሁንልሽ እሺ። እስኪ እስክሪብቶ አቀብይኝ። ለመሆኑ የእኔ የጉባኤ ጽሑፍ ተተይቦ አለቀ? ዛሬ መላክ አለበት።"

"አልቋል" አለች። እስክሪብቶውን አቀበለችው።

ኃላፊው የጻፈው በአንድ ልብ ወለድ ውስጥ ስላለች ባሏ የሞተባት ሴት ነው። ቤቷን የሸጠችው በስስት ነው ይላል፤ ሙግቱ በሙሉ የቆመው በዚህ ላይ ነው። ጸሐፊዋ መጽሐፉን ሁለት ጊዜ አንብባዋለች። ሴትየዋ የሸጠችው ወንድሟን ከእስር ለማስፈታት ነው፤ ምዕራፍ ዘጠኝ ላይ ቁልጭ ብሎ ተጽፏል። እሱ ዘሎታል። በጉባኤው ፊት ጉድ መሆኑ ነው።

ኃላፊው ወረቀቱን አስተካክሎ የሚፈርምበትን ቦታ ፈለገ።

ከፈረመ በኋላ ልንገረው? አለች በልቧ። ከፈረመ በኋላማ እንደማትነግረው ራሷን ታውቃታለች።

"ዶክተር፣ ቆይ አይፈርሙ" አለች። "መጀመሪያ የእርስዎን ጽሑፍ እንይ። ተሳስተዋል።"