የኅዳር ሰባት ፍትሐት

ቄሱ የሙታንን ስም ሲጠሩ የይመኙሽ ጧፍ ከእጇ ወደቀ። "አዕርፍ ነፍሰ ገብርከ ወልደ ኢየሱስ" ነበር ያሉት። የባሏ የየሻው የክርስትና ስም ነው። የሻው ግን አልሞተም፤ ሱዳን ነው ተብላለች።

ቅቤ ልትሸጥ ነበር ከጃናሞራ ጎንደር የወረደችው። ፍትሐቱ ሲያበቃ ቄሱን ተከትላ ያዘቻቸው።

"አባ፣ ወልደ ኢየሱስን ማን አስጠራው?"

"ክንዱ የሚባል የአገርሽ ሰው። ጥሊያን ከወጣ ጀምሮ በየዓመቱ ኅዳር ሰባት ጧፍና መገበሪያ ይዞ ይመጣል። ዘንድሮ አመመኝ ብሎ በሰው ላከው። የሞተው አበልጄ ነው ይላል። ሸጋ ሰው!"

ሸጋ ሰው! ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት፣ በጥሊያን ጊዜ፣ በዚያው በኅዳር ሰባት፣ የሻውና ክንዱ በሬ ሊገዙ አብረው ወጡ። ክንዱ ብቻውን ተመለሰ። "ከአርበኞች ጋር ሱዳን ገባ፤ ጠብቂው" አላት። የሁለቱ የማሳ ድንበር ክርክር በዚያው ቀረ፤ ክንዱ ሁለቱንም ማሳ አረሰ። ጥሊያን ከወጣ በኋላም "እዚያው ሥራ ይዟል" እያለ በየፋሲካው የሐሰት ሰላምታ ያመጣላታል። እሷ ለሕያው ባል ጠጉሯን ስትሠራ፣ ልጇን ክርስትና ያነሣው ይህ ሰው ለሙት ያስፈታ ነበር።

ወደ ጃናሞራ ሲመለሱ፣ አብሯት ወርዶ የነበረው ወንድሟ ውዱ ነገሩን ሰምቶ ጠመንጃውን አቀባበለ።

"ተይኝ እታለም፣ ደጁ ላይ እጥለዋለሁ።"

"ጥለኸው አንተ ነፍሰ ገዳይ ልትባል፣ እሱ ሊለቀስለት? አሥራ ሁለት ዓመት ዋሽቶኛል። አንዲት ጥይት አትበቃኝም።"

እሑድ በአገራቸው በመካነ ብርሃን ከቅዳሴ የወጣው ሰው ወይራው ሥር ተቀምጧል። ክንዱ ገና ከሩቅ ሲያያት ጮኸ።

"ይመኙሽ! ከጎንደር ምን አመጣሽልን? ባልሽንማ ሳታመጪው ቀረሽ!"

ሰው ሳቀ።

"ወሬውን አመጣሁ፣ አበልጄ።"

ሻሿን ፈታች። ከፊቱ ተንበርክካ ምላጭ አስያዘችው።

"ምነው? የማን ሐዘን ነው?" አሉ አንድ ሽማግሌ።

"የየሻው ነው፣ አያ። የክርስትና ስሙን እየጠሩ ጎንደር በየዓመቱ የሚያስፈቱለት እኒህ ናቸው። የሞተበትን ቀን ያውቃሉ፤ የወደቀበትንም ቦታ ያሳዩናል።"

ሳቁ ጠፋ። ሁሉም ወደ ክንዱ ዞረ። ክንዱ ምላጩን ሊመልስላት እጁን ዘረጋ።

"ይላጩኝ እንጂ፣ አበልጄ። ምላጩን ምነው መለሱት?"

ከሰዉ ጀርባ ውዱ ጠመንጃውን ከትከሻው ሲያወርድ አየችው። ተው ብላ በእጇ ከለከለችውና አንገቷን ለምላጩ ዝቅ አደረገች።