በገል የመጣ ፍም

ትሕትና ደህና አድርጎ የነደደውን የገዛ እሳቷን በአንድ ጣሳ ውኃ አጠፋችው። አመዱ ፊቷ ላይ ቦነነባት፤ አስነጠሳት፤ ብቻዋንም ሳቀች። የስምንት ወር ሆዷን በአንድ እጇ ደግፋ ጎንበስ አለችና ምድጃውን መረመረች። አንድም ፍም አልቀረም። መደርደሪያው ላይ የነበረውን አንድ ፓኮ ክብሪት አልጋዋ ሥር ወሸቀችው። ከዚያ ከተሰበረ እንስራ የተረፈ ገል አንስታ ዝናቡ ውስጥ ወጣች።

የሐምሌ ቅዳሜ ነው። ባሏ ፍቃዱ የቡና መኪና ይነዳል፤ ዛሬ ሳይመሽ ቦንጋ ይገባል። ከሁለት ሳምንት በፊት ሲሄድ በሩ ላይ ቆሞ የተናገረው አጭር ነበር።

«ምጥ ቢመጣብሽ የምትጠሪውን አንድ ሰው ንገሪኝ። አንድ ብቻ። ስመለስም ከሌለ ዋጫ አክስቴ ጋ አደርስሻለሁ።»

 እዚህ ሰፈር ከገቡ አራት ወራቸው ነው። የጎረቤቶቿን ስም የለቀመችው በአጥር ላይ ከሚወረወር ሰላምታ ነበር፤ እሱም ከሦስት አላለፈም። ሦስቱንም ተራ በተራ አስባ የትኛውንም ለመጥራት አልደፈረችም።

ዋጫ መሄድ ማለት የግብርናውን መሥሪያ ቤት ሥራ መተው ማለት ነው። አለቃዋ «እስክትወልጂ ከሠራሽ ቦታሽን ማንም አይነካውም፤ አሁን ጥለሽ ከሄድሽ ግን ሌላ ጸሐፊ እቀጥራለሁ» ብለዋታል። የፍቃዱ አክስት ደግ ሴት ናቸው፤ ይህን ማንም አይክድም። ግን ደግነታቸው ሰው አያስተነፍስም።

ሐሳቡ የመጣላት ሐሙስ ዕለት ታይፕ ስትመታ ነበር። ባደገችበት በማንኪራ እሳት የጠፋበት ሰው ገል ይዞ ጎረቤቱ ቤት ይገባል። የገባ ሰው ወዲያው አይወጣም። ፍም እስኪመረጥለት ይቀመጣል፤ ተቀምጦ ይጠየቃል፤ ሲጠየቅ ያመመውም ያስደሰተውም ይታወቃል። ከተማ ውስጥ ግን ክብሪት የሌለበት ቤት የለም፤ ስለዚህ ማንም የማንንም ደጃፍ የሚረግጥበት ሰበብ አጥቷል። ትሕትና ይህ ሲገለጥላት ደስታው ከወንበሯ ሊያስነሳት ደረሰ። የምትጽፈው ደብዳቤ ላይ ሁለት መስመር ዘለለች።

መጀመሪያ የገባችው እትዬ አስካለማርያም ዘንድ ነው። ልጆቻቸውን ድረው ብቻቸውን የሚኖሩ፣ ሰው ሲያዩ ከእግር እስከ ራስ የሚመዝኑ ሴት ናቸው።

«እትዬ፣ እሳቴ ጠፍቶብኝ ነው። እሳት ልጫር ብዬ።»

አሮጊቷ ገሉን ትክ ብለው አዩት። ከገሉ ወደ ሆዷ፣ ከሆዷ ወደ ረጠበው ጫማዋ ተመለከቱ።

«ገል የያዘ ሰው ካየሁ ስንት ዘመኔ» አሉ። «ነይ፣ ዱካው ላይ ተቀመጪ።»

ተቀመጠች። ስንት ወሯ እንደሆነ፣ ማታ ማታ እግሯ ያብጥ እንደሆነ ጠየቋት፤ የራሳቸውን ስድስት ምጥ አንድ በአንድ ተረኩላት። ትሕትና ስትወጣ ፊቷ ከፍሙ ይበልጥ ቀልቶ ነበር። ዝናቡ መንገድ ላይ ፍሙን ቢያጠፋባትም ቅር አላላትም። እንዲያውም ሌላ ቤት ለመግባት ምክንያት ሆነላት።

ሁለተኛው ቤት የአናጢው የጋሽ ፈለቀ ነው። የቤተ ክርስቲያን መዝሙር እያንጎራጎሩ እንጨት ይልጉ ነበር። ብዙ አልጠየቋትም። ፍሙን በገሉ ላይ አድርገው በአመድ አለበሱት፣ በላዩ የእንሰት ቅጠል ደፉበትና እስከ ደጃፏ ራሳቸው ያዙላት። በመንገድም አንድ ነገር ብቻ ተናገሩ።

«አራት ወር ሙሉ ቤትሽን ሳላውቀው።»

ሦስተኛዋ ረቢያ ናት። በጓሮ አጥር የምትዋሰናት የቅርብ ጎረቤቷ እሷ ብትሆንም ትሕትና ወደዚያ አልሄደችም። ረቢያ ባለሱቅ ናት። አልጋ ሥር የተወሸቀው ፓኮ የተገዛው ከእሷ ሱቅ ነው።

ከሰዓት በኋላ በሩ ተንኳኳ። ትሕትና ስትከፍት እትዬ አስካለማርያም፣ ጋሽ ፈለቀና ረቢያ በአንድ ጃንጥላ ሥር ተጠጋግተው ቆመዋል። ሦስቱም ክብሪት ይዘዋል።

«ልጄ፣ ችግርሽን ለምን ትሸሽጊያለሽ?» አሉ እትዬ አስካለማርያም ገና ሳይቀመጡ። «ነፍሰ ጡር ሴት ክብሪት መግዣ አጥታ በዚህ ዶፍ ገል ይዛ ትዞራለች? ልገዛልሽ ሱቅ ብሄድ ጋሽ ፈለቀም ለዚሁ መጥተው አገኘኋቸው።»

የትሕትና ጆሮ ጋለ። ጎረቤት አገኛለሁ ብላ ወጥታ ምጽዋት ተቀባይ ሆና መመለሷን አሁን ገና አየችው። ማመስገን ጀመረች። ሁለቱ ሽማግሎች ግን የያዙትን አስቀምጠው የራሳቸውን ወሬ ይዘዋል። ጋሽ ፈለቀ የእትዬ አስካለማርያምን የተሰነጠቀ በር ሰኞ ጠዋት መጥተው ሊያዩት ነው። ሲወጡም ስለ ማጠፊያው እየተከራከሩ ነበር።

ረቢያ ወደኋላ ቀረች።  ባዶውን መደርደሪያ አየች፤ ቀጥሎ ትሕትናን አየች።

«ማክሰኞ አንድ ፓኮ ወስደሻል ከእኔ» አለች በዝግታ። «እንኳን በአራት ቀን፣ በአራት ወር አያልቅም።»

ትሕትና ልትዋሽ አሰበች፤ አልቻለችም።

«ክብሪት ፈልጌ አይደለም» አለች። «ምጥ ቢመጣብኝ የምጠራው ሰው የለኝም። ባሌ ዛሬ መጥቶ አክስቱ ጋ ይወስደኛል። ሰው ቤት ለመግባት ሌላ መላ አጣሁ።»

 ረቢያ ነጠላዋን ራሷ ላይ ሳበችና ወጣች።

ትሕትና አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ሁሉንም በዓይነ ሕሊናዋ አየችው። ረቢያ ትናገራለች፤ ሱቅ የገባ ሁሉ ይሰማል። ያ ሁሉ የጠዋት ደስታ ውሸታም ሊያስብላት ነው። ተነስታ ልብሷን ማጠፍ ጀመረች። የሕፃኑን ልብሶች ከላይ አደረገቻቸው፤ እንደገና አውጥታ ከሥር አስገባቻቸው፤ እንባዋም መጣ። ከጓሮ የሆነ ነገር ሲቆረጥ ይሰማት ነበር፤ ልብ አላለችውም።

ከቁልቁለቱ የፍቃዱ መኪና ጡሩምባ ሲሰማ የጓሮው በር ተንኳኳ።

ረቢያ ናት። ቀሚሷ እስከ ጉልበቷ ረጥቧል፤ ነጠላዋ ላይ የአጥር ቅጠል ተለጥፏል። በግራ እጇ ቆንጨራ፣ በቀኟ ገል ይዛለች።

«እሳቴ ጠፍቶብኝ ነው» አለች። «እሳት ልጫር ብዬ።»

ትሕትና አፏን ከፍታ አየቻት። በቦንጋ ክብሪት በካርቶን የምታወርድ ሴት ገሏን ዘርግታ ትጠብቃለች፤ ፊቷ ላይ ፈገግታ እንኳ የለም።  ትሕትና የጋሽ ፈለቀን ፍም አመዱን ገልጣ እፍ አለችው፤ ጭራሮው ቦግ ብሎ ተያያዘ።

«ይግቡ፣ ይቀመጡ» አለች። «ደህናውን ልምረጥልዎት።»

ረቢያ ቆንጨራውን በሩ ሥር አስደግፋ ምድጃው አጠገብ ያለው ዱካ ላይ ተደላድላ ተቀመጠች።

ፍቃዱ ውኃ እየተንጠባጠበ በፊት ለፊቱ በር ገባ። የታጠፈውን ልብስ አየ፣ የክብሪቱን ክምር አየ፣ ዱካው ላይ ያለችውን እንግዳ አየ። ሰላምታ ሰጠና ሚስቱን በዓይኑ ጠየቃት። ትሕትና ፍም እየመረጠች ነበር።

«መንገዱ ላይ ስጠጋ ማንም ሲገባ አላየሁም» አለ ወደ ረቢያ ዞሮ። «በየት ገቡ?»

ረቢያ በአገጯ ወደ ጓሮ አመለከተችው። ፍቃዱ ሄዶ በሩን ከፈተ። አጥሩ አንድ ሰው በሩጫ የሚያሳልፍ ያህል ተከፍቷል፤ የተቆረጠው ቅርንጫፍ ሜዳው ላይ ወድቋል፤ ከክፍተቱ ማዶ የረቢያ ኩሽና መብራት ቁልጭ ብሎ ይታያል።

ዝናቡ እየገባበት እዚያው ቆሞ ቀረ።