የወደቁትን የምትቆጥረው

«ልጅ የለሽ ባል የለሽ፣ ጎጆሽም ባዶ ነው፣
ማን አለ ከኋላሽ፣ እናቴ የሚለው...»

«በቃ! ዝም በይ!»

የድንኳኑ ሰው ሁሉ ዞረ። ሙሾ ሲወርድ ማን ያቋርጣል? ያውም የሟች እናት፣ ያውም በሣልስቱ! እማማ ማንጠግቦሽ ግን መቀነታቸውን ጠበቅ አድርገው ቆመዋል።

«የሌላትን እየቆጠርሽ ለልጄ አታልቅሺላት፣ ብዙዬ። ያላትን ቆጥረሽ አልቅሺላት።»

አልቃሿ ብዙዬ ደብረ ማርቆስ ውስጥ ያላስለቀሰችው ቤት የለም። ለገበሬ በሬውን፣ ለነጋዴ ሚዛኑን፣ ለእናት ልጆቿን እየጠራች ድንጋይ ታስነባለች። እንዲህ ያለ ነገር ግን ገጥሟት አያውቅም።

«እሺ እማማ፣ ያላት ምንድን ነው? ይንገሩኛ!»

የእማማ ልጅ ሩሃማ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ታስተምር ነበር፣ ስለ ሰማይ የሆነ ነገር ታጠና ነበር። እማማ የሚያውቁት ይኸንኑ ነው። ከወደ ጥግ አንዷ ለሌላዋ ስታንሾካሹክ ሰሙ፤ «ይህን ሁሉ ተምራ፣ ራሷን ሳትተካ...»

ሩሃማ አምና ለፋሲካ ደብረ ኤልያስ እናቷ ቤት መጥታ፣ ኮምፒውተሯን ጉልበቷ ላይ ዘርግታ ዓይኗ ሲያበራ ነበር።

«እማ፣ ነይ እይልኝ! ይኼ ከላይ የሚወርደው ነው።»

«ይበላል?»

«አይበላም» ብላ ሳቀች።

«ይታያልሳ?»

«አይታይም።»

«ታዲያ በምን አወቅሽ?»

ልትነግራቸው ስትጀምር ላሚቱን ምጥ ያዛት። «ቆይ፣ በኋላ ትነግሪኛለሽ» ብለው ሮጡ። በኋላ የሚባለው ሳይመጣ የሩሃማ ሕመም ቀደመ። አንጀታቸውን የሚቆርጣቸው ይኸው ነው።

«ተስፋዓለም!» ሲሉ እማማ ከድንኳኑ መሀል ተጣሩ። ከሩሃማ ጋር አንድ ቢሮ የሚሠራው ልጅ ነው፤ ለቅሶ ላይ ስለ ፊዚክስ ማውራት ነውር መስሎት አንገቱን ደፍቶ ተቀምጧል። «ና፣ አንተ ንገራት። ለእኔም ንገረኝ።»

ተነሣ።

«እናቴ፣ በምድር ዙሪያ የጨረር ቀበቶ የሚባል አለ። ኤሌክትሮን የሚባሉ ደቃቃ ነገሮች እዚያ ውስጥ ታስረው ይኖራሉ።»

«ማን አሰራቸው?»

«ምድር ራሷ። ማግኔት ናት። ከሰሜን ወደ ደቡብ፣ ከደቡብ ወደ ሰሜን ይመላለሳሉ። እርስዎ አማትበው ሳይጨርሱ ደርሰው ይመለሳሉ።»

«ኧረ በስመ አብ!» አለች ብዙዬ።

«ከቀበቶው ጠርዝ ላይ ግን መመለስ የሚያቅታቸው አሉ። እንደ ካፊያ ይወርዱና አየሩ ውስጥ ይጠፋሉ። እዚህ መሬት አይደርሱም። ሳተላይት ሲያልፍ ይለካቸዋል፤ ሩሃማ ልኬቱን እየወሰደች ስንቱ ወደቀ፣ ለምንስ ወደቀ እያለች ታጠና ነበር።»

«አሁንም ይወርዳሉ? እኛ እዚህ ተቀምጠን?»

«አሁንም።»

ድንኳን ሙሉ ሰው ወደ ሸራው ቀና አለ። ስታንሾካሹክ የነበረችው ሴትዮ እንኳ አፏን በነጠላዋ ይዛ ቀረች። እግዚኦ፣ ይህን ሁሉ በላያችን ተሸክመን ነው ለካ ገበያ የምንውለው!

ብዙዬ ዓይኗን ከሸራው መለሰች። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ሙሾዋን አወረደች፤

«ከላይ የወደቀው፣ ሳይቆጠር እንዳይቀር፣
ሩሃማ ነበረች፣ ዘብ ቆማ የምታድር፤
እሷ ስትወድቅሳ፣ ማን ነበር የሚያያት፣
ቆጥራ የማትጨርስ፣ አለች አንዲት እናት።»

ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ፤ ወንዶቹም አልቻሉም። እማማ ማንጠግቦሽ ሦስት ቀን እምቢ ያላቸው እንባ ዱብ ዱብ አለ። በሰው መሀል ተሹለክልከው ከድንኳኑ ወጡ። የኅዳር ሰማይ ጥርት ብሏል፣ ደመና የሚባል የለበትም። ዝናብ መጀመሩን እንደሚያይ ሰው መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘረጉ።

ተስፋዓለም ደግፎ ሊመልሳቸው ተከትሎ ወጣ።

«እናቴ፣ ነገርኩዎት እኮ፤ እዚህ አይደርሱም።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ» አሉ።

እጃቸውን ግን አልሰበሰቡም።