አልጠፋ ያለው ሳጥን

ኮምፒውተር ጠላቴ ነው ብል ማንም አይፍረድብኝ። ጋምቤላ ከተማ፣ ኒውላንድ ሰፈር ባለው ቢሯችን እኔና አጅዋንግ አንዱን እንጋራለን። እሷ የጋምቤላ ልጅ ናት፤ እኔ ከደብረ ማርቆስ የመጣሁ። የኢታንግንና የአቦቦን የውሃ ጉድጓዶች አብረን ነው የምንከታተለው። ከእኔ በፊት የነበሩት ሥራውን ሲለምዱ ጥለዋት ሄደዋል። እኔ እንደነሱ አይደለሁም ብዬ የነገርኳት በገዛ አፌ ነው።

ከዚያ አገሬ ደብረ ማርቆስ ላይ ክፍት የሥራ ቦታ ወጣና በዚሁ ኮምፒውተር በድብቅ ተመዘገብኩ። ጉዱ የመጣው ይሄኔ ነው። ብሮውዘሩ አዲስ ገጽ በተከፈተ ቁጥር ብዙ የሚጎበኙ ድረ ገጾችን በትንንሽ ሳጥን ይደረድራል፤ የቅጥር ማስታወቂያው ከሁሉም ፊት ተገትሯል። ውጤቱን በስልክ እንነግራለን ስላሉ፣ ከተመዘገብኩ ወዲህ ድርሽ ብዬበት አላውቅም። አጠፋዋለሁ፣ በማግስቱ ይመለሳል። ንድድ አለኝ። አጅዋንግ ብታየው በምን ዓይኔ አያታለሁ?

አንድ ዩቲዩበር፣ የድረ ገጽ አድራሻ የሚጻፍበት ቦታ ላይ እንዲህ ብላችሁ ስትጽፉ የተደበቀው ሴቲንግ ይከፈታል ሲል ሰማሁ። አጅዋንግ ለምሳ ስትወጣ ተቀመጥኩ። ብሮውዘሩ ሊበላሽ ይችላል የሚል ማስጠንቀቂያ መጣ። ይበላሽ፣ ገደል ይግባ። ሙቀቱ አይጣል ነው፣ ኔትወርኩ ይንቀረፈፋል፣ ሰውዬው አጥፉት ያለው ምርጫ ደግሞ ጭራሽ የለም፤ ለካ ቪዲዮው የድሮ ነው። አንዱን ስከፍት፣ ሌላውን ስዘጋ መብራት ጠፋ። ሲመጣ እንደገና ከዜሮ። ላብ በላብ ከሆንኩ በኋላ አዲሱ ገጽ ባዶውን ተከፈተልኝ። እፎይ አልኩ።

አጅዋንግ ተመልሳ ተቀመጠች። አዲስ ገጽ ከፈተች፣ ዘጋች፣ ደግማ ከፈተች።

"እዚህ የነበረው የሥራ ማስታወቂያ የት ሄደ?" አለችኝ። "በየቀኑ የምከፍተው።"

አንቺም ሥራ ትፈልጊያለሽ እንዴ አልኳት፣ ፊቴ እየጋለ።

"እኔ አልፈልግም። አንተ ስትመዘገብ አይቻለሁ።" ዓይኗን ከኮምፒውተሩ አላነሳችም። "ስምህ ትናንት እዚያው ገጽ ላይ ወጣ። አልፈሃል። አንተ ትነግረኛለህ ብዬ ጠበቅኩ።"

አላየሁትም ነበር ብል ማን ያምነኛል? ውጭ ወደ ኢታንግ የሚወስደን መኪና ጡሩምባ ነፋ። ቦርሳዬን ላነሳ ስል በእጇ ከለከለችኝ።

"ተወው፣ ዛሬ ብቻዬን እሄዳለሁ" አለች። "ልልመደው።"